የልጅ መድኃኒት በማንኪያ አይለካም፦ ሽሮፕን መለካት፣ መበጥበጥና መስጠት

ሽሮፕ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ወላጅ ብዙውን ጊዜ በጆሮው የሚቀረው አንድ ነገር ነው፤ «በቀን ሦስት ጊዜ አንድ ማንኪያ»። ስህተቱ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። የደብረ ብርሃኑ ቤት ማንኪያና የመሐል ሜዳው ቤት ማንኪያ እኩል አይይዙም፤ አንዱ 3 ሚሊ ሊትር ሲይዝ ሌላው 7 ሊይዝ ይችላል። ጠርሙሶቹም ቢሆኑ እኩል አይደሉም። ፓራሲታሞል ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ወይም 125 ሚሊግራም የያዘ አለ፣ 250 የያዘም አለ። ለሕፃናት የሚሸጠው ጠብታ ደግሞ በ1 ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊግራም ሊይዝ ይችላል። ይህን ጠብታ እንደ ሽሮፕ ቆጥሮ 5 ሚሊ ሊትር ያጠጣ ሰው ለሕፃኑ 500 ሚሊግራም፣ ማለትም የአዋቂ አንድ ክኒን ሰጠው ማለት ነው።

መጀመሪያ ኪሎ

የልጅ መድኃኒት የሚሰላው በኪሎ ነው። ዕድሜ ግምት ይሰጣል እንጂ አያስተማምንም፤ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ 9 ኪሎም 13 ኪሎም ሊሆን ይችላል። ጤና ኬላ ላይ አስመዝኑት። የአዋቂ ሚዛን ብቻ ካለ እናቲቱ ልጁን ታቅፋ ትመዘን፣ ቀጥሎ ብቻዋን ትመዘንና ልዩነቱን ያዙ። በደጋው አገር ልጅ በሹራብና በጋቢ ተጠቅልሎ ሚዛን ላይ ሲወጣ የልብሱ ክብደት እንደ ልጁ ኪሎ ይቆጠራል፤ ለአንድ ደቂቃ ብርዱን ይቻለውና ልብሱ ይውለቅ።

ፓራሲታሞልን ምሳሌ እናድርግ። መጠኑ በአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ80 እስከ 120 ሚሊግራም ይበቃዋል። 100 ሚሊግራም ልትሰጡት ብታስቡ ጠርሙሱ ላይ በ5 ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊግራም እንዳለው አይታችሁ 100ን ለዚያ ቁጥር አካፍሉና በ5 አባዙ። ባለ 250ው ጠርሙስ ከሆነ 2 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ባለ 120ው ከሆነ 4 ሚሊ ሊትር ገደማ። ልጁ ያው ልጅ፣ መድኃኒቱም ያው መድኃኒት ነው፤ የሚቀዳው ግን በእጥፍ ይለያያል። በሁለት መጠን መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ቢቻል 6 ሰዓት ይለፍ፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ከአራት ጊዜ አይብለጥ። «ትኩሳቱ አልበርድ አለ» ብሎ መጨመር ጉበት ይጎዳል። የጉንፋን ሽሮፖች ውስጥም ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል ስላለ ሁለቱን ደርቦ መስጠት ሳይታወቅ እጥፍ ማጠጣት ይሆናል።

መድኃኒት ቤት ሳላችሁ

«ስንት ማንኪያ?» አትበሉ፤ «ከዚህ ጠርሙስ ስንት ሚሊ ሊትር?» በሉ። ባለሙያው ቁጥሩን ጠርሙሱ ላይ ይጻፍላችሁ፣ መርፌ የሌለው የ5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅም ጠይቁ። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር አስጽፉ። በየ8 ሰዓቱ ከተባለ ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ነው። በየ12 ሰዓቱ ከሆነ ጠዋት 12 እና ማታ 12። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ብሎ መከፋፈል ግን ሌሊቱን ያለ መድኃኒት ባዶ ይተዋል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፤ ጠርሙሱ ላይ የሚታተመው የማብቂያ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 06/2026 የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው በእኛ ዓመት ካሰበው ስምንት ዓመት ገደማ ተጨማሪ ጊዜ ያለው ይመስለዋል። ትርጉሙ ግን የሰኔው መጨረሻ በእነሱ ነው፤ በእኛ ሰኔ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃል።

ዱቄቱን መበጥበጥ

አሞክሳሲሊን ሽሮፕ አብዛኛውን ጊዜ በዱቄት ይመጣል። ከተቻለ እዚያው መድኃኒት ቤት ይበጥብጡላችሁ። ቤት ውስጥ ከሆነ ጠርሙሱን ሳትከፍቱ ገልብጣችሁ በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጉት፤ ታች የጋገረው ዱቄት ይላቀቃል። ፈልቶ ሙሉ በሙሉ የቀዘቀዘ ውሃ እስከ መስመሩ ግማሽ ጨምሩና በደንብ ናጡ። አረፋው እስኪተኛ ጠብቁና እስከ መስመሩ ሙሉት፣ እንደገና ናጡ። መስመሩ ላይ መድረስ ያለበት ፈሳሹ ነው፤ አረፋውን አይቶ የሚያቆም ሰው ውሃ ያሳንስና መድኃኒቱ ይወፍራል። ትኩስ ውሃ ደግሞ መድኃኒቱን ያበላሸዋል።

የተበጠበጠበትን ቀን ጻፉበት። ስንት ቀን እንደሚቆይና የት እንደሚቀመጥ ወረቀቱ ይናገራል፤ ብዙው ከ7 እስከ 14 ቀን ነው፣ አንዳንዱ ያለ ፍሪጅ አይሆንም። ፍሪጅ የሌለው ቤት በውሃ የሚሟሟውን ክኒን ቢጠይቅ ይሻለዋል። ለሳንባ ምች የሚታዘዘው ባለ 250 ሚሊግራሙ አሞክሳሲሊን የዚህ ዓይነት ነው፦ ከ4 እስከ 10 ኪሎ ላልሞላ ልጅ በአንድ ጊዜ 1፣ ከ10 እስከ 14 ላልሞላ 2፣ ከ14 እስከ 19 ኪሎ 3 ክኒን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀን። የጎረቤት ልጅ አንድ ታዞለት የእናንተ ልጅ ሁለት ቢታዘዝለት አትደንግጡ፤ ኪሎው ነው። በሁለተኛው ቀን ልጁ ቀና ብሎ መጫወት ቢጀምርም አምስቱ ቀን ይለቅ። ከዚህ የተረፈውን ለሌላ ልጅ ማቆየት አያስፈልግም፤ ጉንፋን ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያውም አሞክሳሲሊን አይሠራለትም።

ማጠጣቱ

ሽሮፕ ሁሌም ከመቅዳት በፊት ይናጣል። ሳይናጥ ከቀረ መድኃኒቱ ታች ይዘቅጥና የመጀመሪያ ቀናት ልጁ ውሃ ይጠጣል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከልክ በላይ። የስሪንጁን ትንሽ ክዳን አውልቃችሁ ጣሉ፤ ጉሮሮ ውስጥ ገብታ ታንቃለች። ልጁን ጭናችሁ ላይ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ አታንጋልሉት። የስሪንጁን ጫፍ በጉንጩና በድዱ መካከል አስገቡና ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ገፋ፣ ሲውጥ ደግሞ ገፋ። አፍንጫ ይዞ መጋት፣ እያለቀሰ ሳለ ጉሮሮው ላይ መርጨት ትን አስብሎ ሳንባው ውስጥ ይከተዋል። በዚሁ ምክንያት ለጨቅላ ቅቤ ማዋጥም አደገኛ ነው። መድኃኒቱን ሙሉ ጡጦ ወተት ውስጥ አትቀላቅሉት፤ ግማሹን ጠጥቶ ቢተወው ስንት እንደወሰደ አታውቁም።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ያንኑ መጠን ድገሙለት፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ የሚቀጥለውን ሰዓት ጠብቁ። አንዱ መጠን ቢረሳ እንዳስታወሳችሁ ስጡ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ሁለቱን አትደርቡ።

ተቅማጥና ወባ

ለተቅማጥ ዋናው መድኃኒት ኦአርኤስና ዚንክ ነው። ፓኬቱ ለ1 ሊትር ከሆነ በታጠበ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ንጹሕ ውሃ ሙሉና ፓኬቱን በሙሉ ጨምሩ፤ ስኳር አይጨመርበትም። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የቡና ሲኒ ገደማ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቢያንስ ቢበዛ አይጎዳም። ካስመለሰ 10 ደቂቃ አሳርፉትና ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። በ24 ሰዓት ያላለቀው ይደፋ። ዚንኩ 20 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ ለ10 ቀን ነው፤ ከስድስት ወር በታች ግማሹ። የአዋቂ ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን ለልጅ አይሰጥም።

ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወይም ወደ ጀማ በረሃ ወርዶ የተመለሰ የደጋ ልጅ ቢያተኩሰው፣ ትኩሳቱን በፓራሲታሞል አብርዳችሁ አትተኙ፤ ደሙ ለወባ ይመርመር። የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ከታዘዘለት ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይውሰደው፣ ካልሆነ በደንብ ወደ ደሙ አይገባም። ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው።

ለልጅ የማይሆኑና የሚደበቁ

አስፒሪን ከ16 ዓመት በታች፣ ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ ከ12 ዓመት በታች፣ የሚዋጥ ቴትራሳይክሊን ከ8 ዓመት በታች አይሰጥም፤ የመጨረሻው ጥርስ ያበልዛል። የዓይን ቅባቱ ግን ችግር የለውም። ማር ዓመት ላልሞላው አይቀመስም። የኮሶ መጠን የሚታወቅበት መንገድ ስለሌለ ለልጅ ባይሞከር ይሻላል።

መድኃኒት ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡ፤ ሙቀቱና እንፋሎቱ ያበላሸዋል። ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው እናት በእርግዝናዋ ጊዜ የምትወስደው የአይረን ክኒን ነው፤ ከረሜላ ይመስላል፣ ጥቂት ፍሬው ትንሽ ልጅ ሊገድል ይችላል። በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ ላምባም እንዲሁ። ልጅ ላምባ ከጠጣ በግድ አታስመልሱት፤ ሲመለስ ሳንባ ይገባል።

ቤት የማይቆይ ልጅ

ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ካተኮሰው ምንም መድኃኒት ሳትሰጡ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከዚያ በላይ ያለው ልጅ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ፣ ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከገባ ሰዓት አትቁጠሩ። ትንፋሹን ረጋ ባለ ጊዜ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩት፦ ሁለት ወር ሞልቶት ዓመት ላልሞላው 50፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት 40 ከሆነና ከዚያ ካለፈ ፈጥኗል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ስትወጡ ልጁ የወሰደውን ጠርሙስና ስሪንጁን ከእጃችሁ አትለዩ፤ ጤና ጣቢያ ስትደርሱ የመጀመሪያው ጥያቄ ከየትኛው መድኃኒት፣ ስንት ሚሊ ሊትር፣ ስንት ሰዓት ላይ ሰጣችሁት የሚል ነው።