አሮጌን ላፕቶፕ በሊኑክስ መልሶ ለሥራ ማብቃት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) እና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ፣ ከዐሥር ዓመት በፊት የተገዙ ብዙ ላፕቶፖች ምንም ብልሽት ሳይኖርባቸው ወደ እሱ መሻገር አይችሉም። ለእነዚህ እንደ ዊንዶውስ ስርዓተ ክወና ከሆነው ከሊኑክስ ቀለል ያለውን ዓይነት መጫን ይቻላል፤ ሊኑክስ ክፍት ምንጭ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ፈቃድ አይገዛለትም።

በመጀመሪያ የማሽኑን አቅም ይወቁ። በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ኮምፒውተሩ የሚገልጸው ገጽ የራሙን መጠንና ፕሮሰሰሩ ባለ 64 ቢት መሆን አለመሆኑን ያሳያል። ፕሮሰሰሩ ባለ 64 ቢት፣ ራሙም 4 ጊጋባይት ከሆነ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነውን ሊኑክስ ሚንትን፣ ያውም ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀላሉን ገጽታ ይምረጡ። ሚንት በ2 ጊጋባይትም ይነሣል፤ ነገር ግን ራም የሚጨርሰው ከስርዓተ ክወናው ይልቅ ብራውዘሩ ስለሆነ፣ ዐሥር ገጽ በአንድ ጊዜ መክፈት የለመደ ሰው በ2 ጊጋባይት መቸገሩ አይቀርም። ማሽኑ ከዚህም ያነሰ ወይም ባለ 32 ቢት ከሆነ፣ ዴቢያን በተባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ላይ የተገነባው አንቲክስ 23 ለ32 ቢት የተዘጋጀ ስሪት አለው።

ከዚያ ፎቶዎንና ሰነድዎን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። የመረጡትን ስርዓት አይኤስኦ ፋይል (መላውን ስርዓት የያዘውን የመጫኛ ፋይል) ከራሱ ከአዘጋጁ ድረ ገጽ ያውርዱ። የሚንት ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት ስለሚጠጋ በሞባይል ዳታ ከማውረድ ዋይፋይ ያለበት ቦታ መሄድ ይሻላል። ፋይሉን ሩፈስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ ይጻፉት፤ በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋ አይዘንጉ።

ፍላሹን ሰክተው ኮምፒውተሩን ሲያበሩ የማስነሻ ምርጫውን የሚያመጣውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ፤ በዴልና በሌኖቮ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ደግሞ ኤፍ 9 ነው። ፍላሹን ሲመርጡ ሊኑክስ ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ይነሣል። ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ዘሎ ወደ መጫኑ ይቸኩላል፤ እኔ ግን ቢያንስ አንድ ሰዓት እንዲሠሩበት እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ዋይፋዩ፣ ድምፁና የስክሪኑ ብርሃን በትክክል መሥራታቸው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ዋይፋዩ እምቢ ካለ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝተው ኢንተርኔት ያጋሩና፣ ሚንት ውስጥ ባለው የድራይቨር ማኔጀር ተስማሚውን ድራይቨር (የኮምፒውተሩን ክፍል የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ይፈልጉ።

ሁሉም ከሠራ ዴስክቶፑ ላይ ያለውን የመጫኛ ምልክት ይክፈቱ። በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ መጫን ወይም ዊንዶውስን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል፤ ዲስኩ ጠባብ ከሆነ ሁለተኛው አያዋጣም። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ በመጫን መካከል መብራት ቢጠፋበት ጭነቱ በግማሽ ስለሚቋረጥ፣ መብራት የማይቆራረጥበትን ሰዓት ይምረጡ።

ተጭኖ ሲያበቃ የቀረበውን ማሻሻያ ሁሉ ይቀበሉ። ለአማርኛ ጽሕፈት አይበስ የተባለውን የፊደል ማስገቢያ ከኤም 17 ኤን ጥቅል ጋር ይጫኑና ከዝርዝሩ አማርኛን ይጨምሩ፤ ፊደላቱ በላቲን ድምፅ ስለሚጻፉ በስልክ የለመዱት አይቸገሩበትም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ማሽኑ አሁንም ከተንቀራፈፈ፣ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ዲስክ) መቀየር ከማንኛውም የሶፍትዌር ማስተካከያ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።