የቆየ ቤትዎ የሕንፃ ኮድ ማረጋገጫ ሲከለከል ክርክሩን እንዴት እንደሚይዙት

«ቤቱ 30 ዓመት ቆሟል፣ ምን ሆነ?» የሚለው ክርክር እውነት ቢሆንም የትም አያደርስም። ቤቱ መቆሙ ኮዱን፣ ማለትም ሕንፃ ሊያሟላ የሚገባውን ደንብ፣ ማሟላቱን አያሳይም። የሚያስኬድዎት ማስረጃ ነው።

መጀመሪያ ክልከላውን በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል የተነገረ «አይሆንም» ይግባኝ ለማለት አይመችም። ደብዳቤው የትኛው የቤቱ ክፍል የትኛውን አንቀጽ እንደማያሟላ ለይቶ ይናገር። «ደረጃውን አያሟላም» ብቻ ካለ መልሰው ይጠይቁ። የደረሰዎትን ቀንም ይያዙ፤ የይግባኝ ቀነ ገደብ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይቆጠራል።

ቀጥሎ ቤቱ በየትኛው ዘመን ኮድ እንደሚመዘን ይለዩ። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። በብዙ አገሮች ነባር ቤት የሚለካው በተሠራበት ወይም ፈቃድ ባገኘበት ጊዜ በነበረው ኮድ ነው። ነገሩ የሚቀየረው ቤቱ ሲታደስ፣ አገልግሎቱ ሲለወጥ ወይም ለሕይወት ሲያሰጋ ነው። ለምሳሌ በኒውዚላንድ ሕግ ቤት ሲታደስ ከእሳት የሚያመልጡበት መንገድ በተቻለ መጠን ወደ አሁኑ ኮድ መጠጋት አለበት። ሌላው ግን ከእድሳቱ በፊት ከነበረበት ካልወረደ ይበቃል።

እዚያው አገር አንድ ሌላ ጣጣ አለ። ኮዱ ዋናው መዋቅር ቢያንስ 50 ዓመት፣ እንደ ጣሪያ ልባስ ያለ የውጭ ሽፋን ደግሞ 15 ዓመት እንዲቆይ ይጠይቃል። ዓመቱ መቆጠር የሚጀምረው ማረጋገጫው ሲሰጥ ነው። ቤቱ አልቆ ያለ ማረጋገጫ 20 ዓመት ከተኖረበት፣ ያረጀው ጣሪያ ዛሬ እንደ አዲስ ሊመዘን ነው! መፍትሔው ቆጠራው ሥራው ካለቀበት ቀን እንዲጀምር ማመልከት ነው። ይህን ያላወቀ ባለቤት ደህና ጣሪያ ሊያፈርስ ይችላል።

ዕድሜውን ለማሳየት የድሮ ፕላን፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የመብራትና የውሃ ውል፣ የግብር ደረሰኝ ይሰብስቡ። ከአውሮፕላን የተነሳ የአካባቢው ፎቶም ይረዳል።

ከዚያ ገለልተኛ መሐንዲስ ይቅጠሩ። ዞር ዞር ብሎ አይቶ የሚጽፍ ሳይሆን የሚለካ ይሁን። ፌሮው የት እንዳለ በመሣሪያ ይፈልግ። የእርጥበት መለኪያውን ከመስኮቱ በታች ባሉት ሁለት ጥጎች ላይ ያስጠጋ፤ ውሃ መግባት የሚወደው በዚያ ነው። ከተጠራጠረም ልስኑን ትንሽ ከፍቶ ይይ። ፎቶ ሲነሳ ሜትር አጠገቡ ይያዝ፣ ስንጥቁ ምን ያህል እንደሆነ እንዲታይ።

አሁን የተባሉትን ጉድለቶች ለሁለት ይክፈሉ። የደረጃ መደገፊያ፣ የጭስ ጠቋሚ፣ የተበላሸ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ አይከራከሩ፤ ያስጠግኑ። እነዚህ የቤተሰብዎ ሕይወት ናቸው። ደግሞም የተቆጣጣሪውን እምነት ያተርፉልዎታል። በቀሩት ላይ ግን በርትተው ይሟገቱ። ሳይፈርስ የማይስተካከል ነገር ካለ፣ ያንኑ ዓላማ በሌላ መንገድ የሚያሟላ አማራጭ በመሐንዲሱ ፊርማ ያቅርቡ።

ካልተስማማችሁ ወደ ይግባኝ ሰሚው አካል ይሂዱ። ውሳኔው እስኪወጣ አከራካሪውን ቦታ አይለስኑ፣ ቀለምም አይቀቡ። የተሸፈነ ግድግዳ እንዲከፈት ሊታዘዝ ይችላል፣ ወጪውም የእርስዎ ነው።