ለቲዩብ አምፕሊፋየር ሬጉሌተር ስትመርጡ

ቲዩብ አምፕሊፋየር (በቫኩም ቲዩብ የሚሠራ የድምፅ ማጉያ) ቤታችሁ እየገጣጠማችሁ ከሆነ ኤልኤም317 የምትባለዋን ሬጉሌተር (ቮልቴጁን በአንድ ልክ የምትይዝ ቺፕ) ቲዩቦቹ ለሚፈልጉት ከፍተኛ ቮልቴጅ እንዳታስቧት። እኔ አንዷን አቃጥዬ ነው የተማርኩት። በመግቢያዋና በመውጫዋ መካከል የምትችለው ልዩነት 40 ቮልት ብቻ ነው። ሥራ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው ብትሉ እንኳ ገና ሲበራ፣ መውጫው ላይ ያለው ካፓሲተር ባዶ ስለሆነ ሙሉው ቮልቴጅ እሷ ላይ ያርፋል። ጧ! አለችና አለቀ፣ ሽታው ግን ሁለት ቀን ቤት ውስጥ ቆየ።

ቲኤል783 የምትባለው ሌላ ሬጉሌተር እስከ 125 ቮልት ልዩነት ትችላለች። የእኔ ምርጫ ግን 600 ቮልት የሚችል ሞስፌት (የትራንዚስተር ዓይነት) ነው፤ መቆጣጠሪያ እግሩ ማለትም ጌቱ ላይ ሦስት ባለ 100 ቮልት ዜነር (ቮልቴጁን በአንድ ልክ የሚይዝ ዳዮድ) በተከታታይ፣ በጌትና መውጫ እግሩ በሆነው ሶርስ መካከል ደግሞ አንድ ባለ 12 ቮልት መከላከያ ዜነር። ጌቱ 300 ቮልት ላይ ሲቆም ሶርሱ ጥቂት ቮልት ዝቅ ስለሚል መውጫው 296 ገደማ ይሆናል።

ሒሳቡን ሳትሠሩ አትግዙ። እኛ ሰፈር ጎንደር ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲሰካ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ሌሊት ደግሞ ይፈካል። ትራንስፎርመሩ 250 ቮልት ኤሲ ከሰጠ ወደ ዲሲ ተቀይሮና ተጣርቶ 350 ገደማ ነው፤ መብራቱ 10 በመቶ ሲወርድ 315፣ ሲወጣ 385። በ385 ጊዜ ሞስፌቱ 89 ቮልት ይሸከማል፣ በ60 ሚሊአምፔር 5.3 ዋት ሙቀት ማለት ነው። ያለ ሂት ሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣ ብረት) አይሞከርም።

ደግሞ ሶኬት ነቀልኩ ብላችሁ እጃችሁን እንዳትከቱ! ካፓሲተሩ ከተነቀለም በኋላ ቮልቴጁን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ስትገጣጥሙ ገና ካፓሲተሩ ላይ ሁለት ባለ 100 ኪሎኦም፣ 2 ዋት ሬዚስተር በተከታታይ በቋሚነት እሰሩ፤ በነቀላችሁ ቁጥርም መልቲሜትሩ ወደ ዜሮ ሲወርድ በዓይናችሁ እዩ።