ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የጠየቃችሁትን ዕቃ ይዛችሁ እንዴት ትወጣላችሁ?

ደሴ ላይ ቤት የጀመረ ወይም የሚያድስ ሰው ስለ ዋጋ ካማረረ በኋላ ቀጥሎ የሚያማርረው ስለ ሱቅ ነው። የጠየቀው ሌላ፣ የተጫነለት ሌላ። ሊመልስ ሲሄድ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ይጠብቀዋል። የሸጠለት ልጅ ዛሬ አልገባም። ባለቤቱ ስልክ ላይ ነው። ደረሰኙ ደግሞ «ልዩ ልዩ የሕንፃ መሣሪያ» ከማለት በቀር ምንም አይናገርም።

የአባቴን ቤት ጣሪያ ስናስቀይርና የውሃ መስመሩን እንደ አዲስ ስናዘረጋ ዕቃ ገዢዋ እኔ ነበርኩ። ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ሴት ስትሆኚ ደግሞ ጥያቄሽን ሰምተው ሳይጨርሱ «ባለሙያውን ጥሪው» ይሉሻል። በጣም ያናድዳል። የምገዛበትን መንገድ ከቀየርኩ ወዲህ ግን ጭቅጭቁ ቀንሶልኛል። ሙግቱ ብሩ ከእጃችሁ ሳይወጣ ማለቅ አለበት። ከከፈላችሁ በኋላ እውነት ይዛችሁም ቢሆን የምትለምኑት እናንተ ናችሁ።

1. ዝርዝሩን በጽሑፍ ያዙ

ባለሙያው በቃል የነገራችሁን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። አስጽፉት። «ሁለት ሳራቺኔስካ (የውሃ መዝጊያ)፣ አምስት ክርን (የቧንቧ መታጠፊያ)» አይበቃም። ፒፒአር (ፕላስቲክ) ነው ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተቀባ ብረት)? ግማሽ ኢንች ነው ሦስት ሩብ? ጥርሱ ወንዴ ነው ሴቴ? የሚቀየር ዕቃ ከሆነ አሮጌውን ነቅላችሁ በፌስታል ያዙት። ከየትኛውም ማብራሪያ ይሻላል።

የቧንቧ ኢንች ብዙ ሰው ያሳስታል። የግማሽ ኢንች ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ውጪው ሲለካ 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ግማሽ ኢንች የሚባለው ፒፒአር ደግሞ ላዩ ላይ 20 ተብሎ ነው የሚጻፍበት። ቤት ውስጥ በሜትር ለክታችሁ «የሁለት ሳንቲ ሜትር ቧንቧ» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሻጩ እጁ ላይ የገባውን ነው የሚያነሳላችሁ።

2. ጠዋት ሂዱ

ዓርብ ከሆነ ከ6 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ለጁምዓ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ ከመዘጋቱ በፊት ያለችው ሰዓት ደግሞ ጥድፊያ ናት። የተጣደፈ ሻጭ ደረሰኝ አሳምሮ አይጽፍም።

ባለሙያውን ይዞ ስለመሄድ የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ብቻችሁን ዞራችሁ ዋጋ ጠይቁ፤ ከዚያ ዕቃውን ለመምረጥ እሱን ይዛችሁ ሂዱ። ከሱቅ ኮሚሽን የሚቀበል ባለሙያ አለ፤ የማይቀበልም አለ። ዋጋውን አስቀድማችሁ ካወቃችሁት የትኛው እንደሆነ መጨነቅ አያስፈልጋችሁም።

3. ዋጋ ስትጠይቁ «በደረሰኝ ስንት ነው?» በሉ

ከመጀመሪያው እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ዋጋ የሚነግሯችሁ ሱቆች አሉ፤ የደረሰኝና ያለ ደረሰኝ። ቫት 15 በመቶ ስለሆነ ልዩነቱ እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። ግን ደረሰኝ መስጠት የሻጩ ግዴታ ነው፤ ለእናንተ ደግሞ ዕቃውን ከዚያ ሱቅ መግዛታችሁን የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው። በተለይ ብረት፣ ቆርቆሮና የኤሌክትሪክ ሽቦ ያለ ደረሰኝ አትግዙ።

4. ሳትከፍሉ ለኩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ሰው የሚያፍረውም እዚህ ላይ ነው። ሻጩን ሌባ ያልን ይመስለናል። አይደለም። የምትከፍሉት ለመጠን ነው፤ መጠኑን ማየት መብታችሁ ነው።

ከቆርቆሮ እንጀምር። ጌጅ የቆርቆሮ ውፍረት መለያ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ከ30 ይወፍራል፣ 30 ከ32 ይወፍራል፣ 35 ስስ ነው። 30ንና 32ን በዓይን መለየት ከባድ ነው፤ ተደራርበው ሲቀመጡማ ፈጽሞ አይለዩም። ለአባቴ ጣሪያ የ30 ጌጅ ዋጋ ከፍለን ከመሃሉ ስስ ቆርቆሮ የተቀላቀለበት ጭነት መጣልን። ያወቅነው አናጢው ጣሪያ ላይ ሆኖ ሚስማር ሲመታ ቆርቆሮው እየሰረጎደ ሲያስቸግረው ነው። ሱቁ «ከእኛ አልወጣም» አለ። ደረሰኙ ላይ ጌጅ አልተጻፈም ነበር። ጦሳ ተራራ ሥር በረዶ ሲወርድ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ያ ጣሪያ ለምን እንዳንገበገበኝ ይገባዋል።

ስለዚህ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ያዙ። ብረት የሆነውን ዲጂታል እመርጣለሁ። የፕላስቲኩ ርካሽ ነው፤ ግን የቆርቆሮን ያህል ቀጭን ልዩነት በደንብ አያሳይም። ከላይ ያለውን አንድ ቆርቆሮ ብቻ አትለኩ። ከመሃልም ከሥርም እያስመዘዛችሁ ጠርዙን ለኩ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር መስጠት አለበት። አንዱ ከሌላው በግልጽ ከሳሳ እዚያው አቁሙ።

ሻጩ ምናልባት «አብሽሪ እህቴ፣ ሁሉም አንድ ነው» ይላል። አትከራከሩት። እኔ የምመልሰው «እሽ ወንድሜ፣ አንድ ከሆነ ደረሰኙ ላይ 30 ጌጅ ብለህ ጻፍልኝ» ብዬ ነው። የሚያምንበት ሰው ወዲያው ይጽፋል። ያላመነበት ደግሞ ከጓሮ ሌላ ያስመጣል። በሁለቱም መንገድ እናንተ አትጎዱም።

ፌሮ (የኮንክሪት ብረት) ላይ ካሊፐር ብቻውን አይበቃም፤ ጥርሱ ስላለ የምታገኙት ቁጥር እንደያዛችሁበት ቦታ ይለያያል። ፌሮን በሚዛን ነው የምትይዙት። ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ወስዳችሁ በራሱ አባዙና ለ162 አካፍሉት፤ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይመጣል። አንድ ቤርጋ (አንዱ ሙሉ ዘንግ) 12 ሜትር ነው። ስለዚህ ባለ 8 ፌሮ ቤርጋው 4.7 ኪሎ፣ ባለ 10 ደግሞ 7.4 ኪሎ፣ ባለ 12 ወደ 10.7 ኪሎ፣ ባለ 14 ወደ 14.5 ኪሎ፣ ባለ 16 ወደ 19 ኪሎ መምጣት አለበት። ትንሽ ከፍና ዝቅ ማለት ያለ ነው። ባለ 12 ተብሎ ከአንድ ቤርጋ ላይ አንድ ኪሎ ከጎደለ ግን መሐንዲሱ ያዘዘው ብረት አይደለም። ኮለንና ሶሌታ (የኮንክሪት ምሰሶና ወለል) ውስጥ ከገባ በኋላ ማንም አያየውም፤ ሸክሙን ግን እሱ ነው የሚችለው። ሚዛን የሌለው ሱቅ ካጋጠማችሁ አንድ ሜትር ቁራጭ ለምናችሁ በአትክልት ሚዛንም ቢሆን መዝኑት። ርዝመቱንም አትርሱ፤ የአንዱን ቤርጋ ጫፍ ከጫፍ በሜትር ለኩት።

የኤሌክትሪክ ሽቦ ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው። ጫፉን በምላጭ ፋቁት። መዳብ እስከ ውስጡ ቀይ ነው። ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ብረት ከታየ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ አትግዙት። በእኩል ውፍረት ከመዳብ የበለጠ ይሞቃል፣ መገጣጠሚያውም ቶሎ ይላላል። በተለምዶ ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5፣ ለእንጀራ ምጣድ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው የሚዘረጋው። ለምጣድ 2.5 «ይችላል» የሚል ሻጭ ቢያጋጥማችሁ ኤሌክትሪክ ሠራተኛችሁን እመኑ።

ሲሚንቶ ላይ የከረጢቱን ጠርዝ በእጃችሁ ጫን ጫን አድርጉ። በክረምት እርጥበት የገባው ይጠጥራል። ተጨፍልቆ ዱቄት የማይሆን ጓል ካለው ተዉት። ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ወይስ ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) መሆኑንም ከረጢቱ ላይ አንብቡ፤ ለኮለንና ለሶሌታ ኦፒሲ ታዝዞ ፒፒሲ ሲጫን አይቻለሁ። ሴራሚክና ቀለም ከሆነ ሁሉም ካርቶንና ባልዲ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን እዩ፤ አለዚያ አንዱ ግድግዳ ከሌላው ይለያል።

5. ደረሰኙን አስጽፉ፣ ጭነቱ ላይ ቁሙ

ደረሰኙ ላይ የዕቃው ስም፣ መጠኑ፣ ብዛቱ፣ የአንዱ ዋጋ ይጻፍ። ማሽኑ የሚያወጣው አጭር ከሆነ በሱቁ ማኅተም ዝርዝር ጨምረው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። እዚያው ሳላችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ የማሽን ወረቀት ቶሎ ይደበዝዛል።

ሲጫን እዚያው ሆናችሁ ቁጠሩ። የጫኝና የአውራጅ ዋጋ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ተነጋግራችሁ ጨርሱ። ይህ በተለይ ከኮምቦልቻ ገዝታችሁ ወደ ደሴ ለምታወጡ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ካራገፋችሁ በኋላ ለጎደለ አንድ ቤርጋ አይሱዙ ይዞ የሚወርድ የለም። ያንን ሻጩም ያውቀዋል።

6. ያልሆነ ዕቃ ሲገኝ

አትግጠሙት፣ አትቁረጡት። ፎቶ አንሱና በዚያው ሰሞን ሂዱ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አዋጅ አይሽርም።

ገበያ በበዛበት ሰዓት አትሂዱ። ሻጩን ልጅ ሳይሆን ባለቤቱን ጠይቁ። ልጁ ተቀጣሪ ነው፤ መልሶ ቢቀበል ከደመወዙ እንዳይቆረጥበት ይፈራል። ትልቅ ሰው ከሆኑ «ጋሼ» ብላችሁ፣ ድምፃችሁን ሳታነሱ፣ ደረሰኙንና ዕቃውን አንድ ላይ አሳዩዋቸው። መጀመሪያ ቅያሪ ጠይቁ። ገንዘብ ከመመለስ ይልቅ ዕቃ መቀየር ለነጋዴ ይቀላል። አብዛኛው ነገር እዚህ ያልቃል፤ ብዙ ባለሱቅ ስሙን ይፈልገዋል።

እምቢ ካሉ ወደ ከተማው ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ ሂዱ። አቤቱታችሁን በአንድ ገጽ ጻፉት፦ ምን ጠየቃችሁ፣ ምን ተሰጣችሁ፣ መቼ ገዛችሁ፣ ለመመለስ ስትሄዱ ምን ተባላችሁ። የደረሰኙን ኮፒና ፎቶውን አያይዙ። ዋናውን ደረሰኝ ለማንም አትልቀቁ።

ተርፎ የሚመለስ ዕቃ ግን ከዚህ ይለያል። ዕቃው ጉድለት ከሌለው አዋጁ አይረዳችሁም፤ የባለሱቁ ፈቃድ ነው። ስለዚህ ስትገዙ «የተረፈውን ቧንቧና ክርን ብመልስ ትቀበለኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁና እሺ ካለ ደረሰኙ ጀርባ ላይ አስጽፉት። የተከፈተ ቀለምና የተቆረጠ ሽቦ ማንም አይቀበልም። ሽቦ ከማስቆረጣችሁ በፊት መስመሩን ቤት ውስጥ በሲባጎ ለኩትና ሲባጎውን ይዛችሁ ሂዱ።