የዳር ከተማ ቤት ለኪራይ ስትገዙ የጥገናው ሒሳብ ከዋጋው ይቅደም

ከአቃቂ ወደ ቱሉ ዲምቱና ገላን ባለው መስመር አሮጌ ቤት እየገዛሁ፣ እያደስኩ አከራያለሁ። ከዚያ በፊት ለዓመታት ኮንስትራክሽን ሳይት ላይ ንብረት ክፍል ነበርኩ። ሲሚንቶና ፌሮ ቆጥሬ ማስገባትና ማስወጣት ነበር ሥራዬ። ዛሬም ቤት ሳይ መጀመሪያ ዓይኔ ውስጥ የሚገባው የሚፈልገው ዕቃ ነው። ደላላው "እትዬ፣ ትንሽ ቀለም ቢነካው እኮ አዲስ ነው" ሲለኝ ደብተሬን አወጣለሁ።

ቤቱ የሚያወጣው ሻጩ የጠራው ዋጋ ብቻ አይደለም። ግዢው፣ ጥገናው፣ እስኪታደስ ባዶ የሚቆምባቸው ወራት ኪራይ ተደምረው ነው። ለምሳሌ ቤቱን በ4 ሚሊዮን ገዝታችሁ 700 ሺህ ጥገና ቢበላና 3 ወር ባዶ ቢቆም፣ ያ ቤት የ4 ሚሊዮን ቤት አይደለም። "ከተከራይ አወጣዋለሁ" የሚል ሰው ደግሞ የቤት ኪራይ አዋጁን ያንብብ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር አይበልጥም፣ ጭማሪውም በባለቤቱ ፍላጎት ብቻ አይሆንም። ስለዚህ የጥገናው ብር መቀነስ ያለበት ከሻጩ ዋጋ ላይ ነው፤ ቀብድ ሳይከፈል።

ካርታ የሌለው ቤት ላይ ምንም አትቁጠሩ። ጨረቃ ቤት ሊፈርስ ይችላል፤ ያፈሰሳችሁበት ሲሚንቶም አብሮ ይሄዳል። የስም ማዛወሪያና የቴምብር ወጪውንም ከጥገናው ብር ጋር አትቀላቅሉት።

ካርታው ካማረ ወደ መሬቱ እንውረድ። በእኛ በኩል፣ ከአቃቂ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ በቦሌ አራብሳም፣ ጥቁር አፈር አለ። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። መሠረቱ ጥልቀት ከሌለው ቤቱ አብሮት ይነሳል፣ ይወርዳል። ምልክቱን መስኮትና በር ማዕዘን ላይ ፈልጉት። ከማዕዘኑ ተነስቶ ሰያፍ የሚሄድ፣ ከውጭም ከውስጥም የሚታይ ስንጥቅ የመሠረት ነው። ፀጉር የምታክል፣ ልስኑ ላይ ብቻ ያለች መስመር ግን አታስጨንቃችሁ። አንድ ክፍል ብቻውን አዲስ ቀለም ከተቀባ ደግሞ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ጎረቤቱ ከሻጩ የተሻለ መልስ ይሰጣችኋል።

ስንጥቁ እየሰፋ ነው ወይስ ቆሟል? ሻጩ ከፈቀደ በላዩ ላይ መዳፍ የምታክል ጂብሰም ለጥፉ፣ ቀኑን በእርሳስ ጻፉበት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጂብሰሙ ከተሰነጠቀ ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ልስን ማደስ ብር ማቃጠል ነው። መጀመሪያ ውኃውን ከግድግዳው አርቁት። ለጣሪያው አሸንዳ፣ ዙሪያውን አንድ ሜትር የሚሆን ወደ ውጭ ያዘነበለ ኮንክሪት፣ ከዚያም የጎርፍ ቦይ። ግድግዳው ሥር ባሕር ዛፍ ካለ ያንንም ከሒሳቡ አስገቡት፤ በጋ ላይ አፈሩን የበለጠ ያደርቀዋል። ማዕዘኑ ቁልቁል ከሰመጠ ግን መሐንዲስ ሳያየው ዋጋ አትናገሩ።

ይኸው አፈር ሽንት ቤቱንም ያስቸግራል። ጥቁር አፈር ውኃ ቶሎ አያሰርግም፤ ስለዚህ ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል። "መጣጭ መኪና በስንት ጊዜ ይመጣል?" ብላችሁ ተከራዮቹን ጠይቁ። መኪናው ክረምት ላይ እስከ በሩ መግባት መቻሉንም ጠይቁ። ሰርቪሶቹ በሙሉ አንድ ጉድጓድ የሚጠቀሙ ከሆነ ሁለተኛ ጉድጓድ አስቡ። ተከራይ የተላጠ ቀለም ይችላል፤ የሞላ ሽንት ቤት ግን አይችልም፣ መቻልም የለበትም። ልጆች የሚያድጉበት ግቢ ነው።

መብራቱን በምጣድ መዝኑት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል፣ 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው። ኤል ሼፕ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤተሰብ ቅዳሜ ጠዋት እኩል እንጀራ ሲጋግር 48 አምፔር ይሆናል። ብዙ ጊዜ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ከዋናው ቤት የተቀጠለ አንድ ቀጭን ሽቦ ነው። የማከፋፈያውን ክዳን አስከፍቱ። የቀለጠ ላስቲክ ወይም የጠቆረ ሶኬት ካያችሁ መስመሩን በሙሉ ለመቀየር በጀት ያዙ። ለየምጣዱ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር፣ ሽቦውም ከ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ወፈር ያለ ይሁን። እዚህ ላይ አትቆጥቡ፤ ሰው ተኝቶበት የሚያድር ቤት ነው። ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነም እዩ። ከጎረቤት የተቀጠለ ከሆነ የአዲስ ቆጣሪ ወጪና የሚጠበቅበት ጊዜ ይጨመራል።

ጣሪያው ቀላል ነው። ቀን በሩን ዘግታችሁ ቀና በሉ፤ ብርሃን የገባበት ሁሉ ዝናብ ያስገባል። ኮርኒስ ካለ ቡናማ እድፍ ፈልጉ። ቆርቆሮ ስትገዙ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ እንደሚጨምር አስታውሱ፤ 28 ከ32 ይወፍራል። ለአጥር የሚሆን ያገለገለ ቆርቆሮ ምናለሽ ተራ ይገኛል፤ ለጣሪያ ግን አልመክርም። የጭቃ ቤት ከሆነ ምሶሶው ከመሬት የሚገናኝበት ላይ ጠመንጃ መፍቻ ውጉ። ሰተት ብሎ ከገባ ምስጥ በልቶታል።

አሁን ቁጥሩ። 40 በ20 የሆነ ብሎኬት ለአንድ ካሬ ሜትር 12.5 ይገባል። 8 ሜትር ርዝመትና 2.5 ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ 20 ካሬ ነው፤ 250 ብሎኬት፣ ከሚሰበረው ጋር 270 ያዙ። ሲሚንቶ ስትጠይቁ በኩንታል ነው ወይስ በከረጢት በሉ፤ ኩንታሉ ሁለት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ነው። አሸዋ በቢያጆ፣ ማለትም በመኪና ጭነት፣ ይመጣል፤ የመኪናውን መጠን ሳትሰሙ ዋጋ አታወዳድሩ። ሲኖትራኩ በጭቃው ምክንያት አስፋልት ዳር ከገለበጠው ደግሞ ወደ ግቢ ማጋዣው ሌላ ወጪ ነው። ጫኝና አውራጅንም አትርሱ፣ ለየዕቃው ለብቻው ጻፉት። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ እንደ ኬብልና ሴራሚክ ያለ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው አይታመንም። ፕሮፎርማው የወር ዕድሜ ካለው እንደገና ውሰዱ።

ሁሉን ደምራችሁ ስትጨርሱ ለማይታየው ጨምሩ። እኔ ለብሎኬት ቤት 20 በመቶ፣ ለጭቃ ቤት 35 በመቶ እጨምራለሁ። የጭቃ ቤት ልስኑ ሲነሳ ነው ጉዱ የሚታየው። ይህ ብር ለሴራሚክ ማሳመሪያ አይነካም። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የእድሳት ፈቃድ ከወረዳው አውጡ፤ መሃል ላይ ማስቆም ሲመጣ የቀን ሠራተኛው ሒሳብ ግን አይቆምም።

ከግንበኛው ጋር ስትዋዋሉ እጅ ዋጋ ብቻ ነው ወይስ ከነማቴሪያሉ፣ በጽሑፍ ይሁን። እኔ እጅ ዋጋ በቁርጥ ነው የምይዘው፣ ዕቃውን ራሴ አቀርባለሁ። ክፍያውን በሦስት እከፍለዋለሁ፦ ግንቡ ሲያልቅ፣ ልስኑ ሲያልቅ፣ የቀረውን 10 በመቶ ደግሞ አንድ ደህና ዝናብ ጣሪያው ላይ ከወረደ በኋላ። ይህን ቀድሜ እነግረዋለሁ፣ ውሉም ላይ ይሰፍራል። ሥራውን የሚያውቅ ግንበኛ ይስማማል።