ስኳር ያለበት ሰው ቃር ሲያስቸግረው "ጨጓራ ነው" ብላችሁ አትለፉት

እናቴ ስኳር ከያዛት ብዙ ዓመት ሆኗታል። ቃር ሲጀምራት ሁላችንም "ጨጓራ ነው" አልን። ተልባ ተበጠበጠ፣ ኦሜፕራዞል ተገዛ፣ በርበሬ ቀረ። ትንሽ ሻል ይላትና ይመለስባታል። ነገሩ የገባን አንድ ማታ ስታስመልስ ነው። ቀን 7 ሰዓት ላይ የበላችው ጎመን ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ቅጠሉ እንኳ ሳይፈጭ ወጣ። 10 ሰዓት ሙሉ ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ምልክት፦ ጥቂት ጎርሶ መጥገብ፣ ሆድ መነፋት፣ ማግሳት፣ ቃር፣ የቆየ ምግብ ማስመለስ

ምክንያቱ ነርቭ ሊሆን ይችላል። ቬገስ የሚባለው ነርቭ ከአንጎል ተነስቶ በአንገትና በደረት በኩል እስከ ጨጓራ ይወርዳል፤ ጨጓራ ምግቡን ፈጭቶ ወደ አንጀት እንዲገፋ የሚያደርገው እሱ ነው። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ እግርን እንደሚያደነዝዝ ሁሉ ይህንንም ነርቭ ይጎዳዋል። ያኔ ጨጓራ ይሰንፋል። ሐኪሞች ጋስትሮፓሬሲስ ይሉታል። ምግቡ አልወርድ ሲል ጨጓራው ይወጠርና አሲዱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ኦሜፕራዞል አሲዱን ይቀንሳል እንጂ ምግቡን አያወርድም፤ እናቴን ግማሽ ብቻ የረዳት ለዚህ ነው።

መፍትሄው ከምርመራ ይጀምራል። መጀመሪያ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ) ቁስለትና መዘጋት አለመኖሩ ይታያል። ከዚያ ምርመራው ባለበት ቦታ ምግቡ ከጨጓራ በምን ያህል ጊዜ እንደሚወጣ ይለካል፤ ከተበላ 4 ሰዓት ቆይቶ ከምግቡ ከ10 በመቶ በላይ ጨጓራ ውስጥ ከቀረ ጨጓራው ዘግይቷል።

አመጋገብ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ስኳር ላለበት ሰው "ቅጠልና ጥራጥሬ አብዛ" ይባላል፣ ልክም ነው። ጨጓራው ለሰነፈ ሰው ግን ጥሬ ቅጠል፣ ቆሎና ሽምብራ ሆድ ውስጥ ይከማቹበታል። ቅቤ የበዛበት ወጥና ክትፎም ያዘገዩታል። ተልባውንም ቢሆን፣ በተለይ በማር የተበጠበጠውን፣ ሐኪም ሳትጠይቁ አትስጡ። ሦስቴ ጠግቦ ከመብላት አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት፤ ሾርባ፣ ቀጭን አጥሚት ያለ ስኳር፣ በደንብ በስሎ የተፈጨ አትክልት። ፈሳሽ ከጠጣር ይልቅ ቀለል ብሎ ይወርዳል። ከበሉ በኋላ ትንሽ መራመድ፣ 3 ሰዓት ሳይሞላ አለመተኛት። የአልጋውን የራስጌ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ፤ ትራስ መደራረብ አይተካውም፣ ሆድን ያጥፈዋል። የሚጾም ሰው ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ አንዴ መብላት ስለሚከብደው ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይመካከር።

ምልክት፦ ከምግብ በኋላ ስኳር መውረድ፣ ቆይቶ ከፍ ማለት

እኛን በጣም ያስደነገጠን ይሄ ነው። በልታ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መለኪያው 58 አለ፣ እኩለ ሌሊት ላይ 290። የተወጋችው ኢንሱሊን ሥራውን ሲጀምር ምግቡ ገና ጨጓራ ውስጥ ነው፤ ምግቡ ሲወርድ ደግሞ ኢንሱሊኑ አልቋል። ከፍ ያለ ስኳር ራሱ ጨጓራን ስለሚያዘገይ አንዱ ሌላውን እያባባሰ ይዞራል። መጠኑን በራሳችሁ አትቀይሩ። የምግቡን፣ የኢንሱሊኑንና የልኬቱን ሰዓት ለአንድ ሳምንት ጽፋችሁ ለሐኪሙ አሳዩት፤ የሚወጋበትን ሰዓት ሊያስተካክለው ይችላል። ከ70 በታች ከወረደ ምግብ አትጠብቁ፣ ወዲያው ስኳር በውሃ ወይም ጭማቂ ስጡት።

ምልክት፦ አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ የባሰ

እንደ ኦዜምፒክ ያሉ የስኳር መርፌዎች ጨጓራን ያዘገያሉ፤ ለሐኪሙ ንገሩት። ማስመለስን ለማስታገስ የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራሚድ ደግሞ ጨጓራን ያንቀሳቅሳል፣ ግን ከ12 ሳምንት በላይ ሲወሰድ ፊትና ምላስ ያለፈቃድ መንቀሳቀስ ሊጀምሩ ይችላሉ። ከፋርማሲ እየገዙ መቀጠል አይገባም። የስኳር ክኒኑ ሜትፎርሚንና ኦሜፕራዞል ለዓመታት ሲወሰዱ ቫይታሚን ቢ12ን ይቀንሳሉ፤ እጥረቱም ነርቭ ይጎዳል። የደም ምርመራ ጠይቁ።

ምልክት፦ የደረት ማቃጠል ከላብ ጋር

ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለ ልብ ሊሆን ይችላል። ነርቩ የተጎዳ ሰው የልብ ድካሙ (ሃርት አታክ) ሕመም ሳይጠነክርበት፣ እንደ ተራ ቃር ብቻ ሊሰማው ይችላል። ወተት እየሰጣችሁ አትጠብቁ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።