የግል ትምህርት ቤት ስትመርጡ በተራ ቀን ሂዱና እዩት

ልጃችሁን የግል ትምህርት ቤት ልታስገቡ አስባችሁ አምስት ስድስት ቦታ ዞራችሁ ሁሉም አንድ አይነት ከመሰላችሁ አልተሳሳታችሁም፣ ሁሉም የሚያሳዩት ያንኑ ነዋ፣ ቀለም የተቀባ ግቢ፣ የኮምፒውተር ክፍል፣ የተሸለሙ ልጆች ፎቶ። እኔም የመጀመሪያ ልጄን ሳስገባ በዚሁ ነው የወሰንኩት፣ ላይብረሪያቸው ልቤን ወሰደው። ልጄ ግን አመቱን ሙሉ እዛ ላይብረሪ የገባችው ሁለቴ ብቻ ነው፣ ተቆልፎ ነበር የሚውለው፣ አስተማሪ ደግሞ በአንድ አመት ሶስት ተቀያየረባት። ሁለተኛውን ሳስገባ ተረጋግቼ ነው የዞርኩት፣ ያኔ ያየሁትን ልጻፍላችሁ። የማወራው ጠዋት ሄዶ ማታ ቤቱ ስለሚገባ ልጅ ነው፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ሌላ ጉዳይ ነው።

ከመንገዱ ጀምሩ። ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚያስበው፣ ግን መንገዱን በቀን ሁለቴ የሚመላለሰው ልጁ ነው። የእንቅልፍ ሀኪሞች ከ6 እስከ 12 አመት ላለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራሉ፣ ከ3 እስከ 5 አመት ላለው ደግሞ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13። ሰርቪሱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል በር ላይ የሚቆም ከሆነ ልጁ 12 ሰዓት ይነሳል፣ ስለዚህ ቢያንስ ዘጠኟን ሰዓት እንዲያገኝ ማታ 3 ሰዓት እንቅልፍ ወስዶት መሆን አለበት። አሁን ወደ ኋላ ቁጠሩት፣ ስንት ሰዓት ቤት ይገባል፣ የቤት ስራ አለ፣ ራት አለ፣ ገላ መታጠብ አለ፣ ለጨዋታ የምትተርፈው ሰዓት አለች ወይ? ከሌለች ትምህርት ቤቱ የፈለገ ጎበዝ ቢሆን ልጁ ክላስ ውስጥ እያንቀላፋ ነው የሚውለው። መንገዱን በስራ ቀን በዛችው ሰዓት ሞክሩት። ሰርቪስ ከሆነ ደግሞ ልጃችሁ ስንተኛ ላይ እንደሚሳፈር ጠይቁ፣ መጀመሪያ የሚሳፈር ልጅ የሌሎቹን ሰፈር በሙሉ ዞሮ ነው የሚደርሰው።

ከዛ ሂዱ፣ ግን ለወላጅ በተዘጋጀው ቀን ብቻ አይደለም። በተራ ቀን፣ ትምህርት እየተሰጠ፣ ክላስ ውስጥ ለአስር ደቂቃ ጥግ ላይ ልቁም ብላችሁ ጠይቁ። የማይፈቅዱ አሉ፣ ልጆቹ እንዳይረበሹ ነው ይላሉ፣ እሺ ይሁን፣ ሌላ ቀን ቅጠሩኝ በሉ፣ በየትኛውም ቀን አይቻልም ካሏችሁ ግን እኔ ብሆን ከዝርዝሬ ነው የማወጣው። ክላስ ስትገቡ ግድግዳውን ሳይሆን አንድ ልጅ ሲሳሳት ምን እንደሚፈጠር እዩ። አስተማሪዋ "እንዴት እዚህ ላይ ደረስክ?" ብላ ትጠይቀዋለች ወይስ አልፋው ወደሚያውቀው ልጅ ትሄዳለች? ሌሎቹ ይስቁበታል? ልጃችሁ እዛ ክላስ ውስጥ መሳሳቱ አይቀርም፣ ስለዚህ ከሁሉም በላይ ይቺን ነገር ነው የምፈልገው።

ደብተር አሳዩኝ በሉ፣ የአንደኛ የወጣውን ልጅ ሳይሆን የመካከለኛውን። ሶስት ልጅ ደብተር ላይ ቃል በቃል አንድ አይነት ጽሁፍ ካያችሁ ልጆቹ ከሰሌዳ እየገለበጡ ነው የሚውሉት ማለት ነው። እርማቱንም እዩ፣ ራይት ብቻ ነው ያለው ወይስ ልጁ ምን ማስተካከል እንዳለበት ተጽፎለታል? ትንሽ ልጅ ከሆነ ደግሞ ማንበብ እንዴት እንደሚያስተምሩ በግልጽ ይንገሯችሁ፣ ፊደሉንና ድምጹን በቅደም ተከተል ነው ወይስ ቃሉን በቃል በማስያዝ? ይህንን በሁለት አረፍተ ነገር ማስረዳት የማይችል ትምህርት ቤት ያሳስበኛል። ሽንት ቤቱንም እዩት፣ ንጹህ ካልሆነ ልጆች ሽንታቸውን ይዘው ይውላሉ፣ ውሃም አይጠጡም።

ዳይሬክተሩን ስታገኙ ስለ አስተማሪዎቹ ጠይቁ። ይሄንን ክፍል አምና ያስተማረው ሰው ዘንድሮ የት ነው ያለው? ካለፉት ሶስት አመታት ጀምሮ ስንቶቹ ለቀቁ? አስተማሪ በብዛት የሚለቅበት ቦታ የሆነ ችግር አለ፣ ደሞዝም ይሁን አያያዝ።

የተማሪ ቁጥርም አለ። አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ ከ1985 ጀምሮ ለ4 አመት የተደረገ ትልቅ ጥናት ከ13 እስከ 17 ልጅ ያለበት ክላስ ከ22 እስከ 25 ካለበት የተሻለ ውጤት እንዳመጣ አሳይቷል፣ ያ ግን ከኬጂ እስከ 3ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ነው፣ ስለዚህ ልጃችሁ ትንሽ ከሆነ ቁጥሩ ላይ ጠንከር በሉ። "ለአንድ አስተማሪ ይሄን ያህል ልጅ" የሚለውን አማካይ ቁጥር ዝም ብላችሁ አትቀበሉት፣ የልጃችሁ ክፍል ውስጥ ስንት ወንበር እንዳለ ግቡና ቁጠሩ።

ስለ ውጤት ትንሽ ልበል። የፈተና ውጤት አይታችሁ ብቻ አትወስኑ። ፈትኖ ጎበዝ ጎበዙን የሚቀበል ትምህርት ቤት ልጆቹ ጎበዝ ሆነው ነው የመጡት። ፒዛ (PISA) በሚባለው የ15 አመት ልጆች አለም አቀፍ ፈተና ላይ በ2018 የግል ትምህርት ቤት ተማሪዎች በንባብ በልጠው ነበር፣ የቤተሰብ ኑሮ ልዩነት ሲታሰብ ግን በኦኢሲዲ (በአብዛኛው የበለጸጉ ሀገሮች ማህበር ነው) ሀገሮች አማካይ የመንግስቶቹ ተማሪዎች ናቸው በልጠው የተገኙት። ስለዚህ አንደኛ ክፍል ስንት ልጅ ገብቶ መጨረሻ ላይ ስንቱ ተፈተነ ብላችሁ ጠይቁ፣ ደከም ያሉትን ከፈተና በፊት የሚሸኝ ትምህርት ቤት ውጤቱ ሁሌም ያምራል።

ስምም አያታላችሁ። ሞንቴሶሪ የሚባለውን የማስተማሪያ ዘዴ ያመጣችው ጣሊያናዊቷ ሀኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያዋን የልጆች ቤት ሮም ላይ የከፈተችው በ1907 ነው፣ ስሟን ግን ዛሬ ማንም ትምህርት ቤት በር ላይ መለጠፍ ይችላል፣ አስተማሪዎቹ የት ሰለጠኑ ብላችሁ ጠይቁ። አይቢ (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሚባለው አለም አቀፍ የትምህርት ፕሮግራም) ነን ካሉ ፕሮግራሙን የሚመራው ድርጅት ራሱ ፈቃድ የሰጣቸውን ትምህርት ቤቶች ድረገጹ ላይ ዘርዝሯል፣ ገብታችሁ ፈልጉ፣ "በሂደት ላይ ነን" ማለትና ፈቃድ ማግኘት ይለያያል። የሀገራችሁ የትምህርት መስሪያ ቤት የሰጠው ፈቃድም እስከ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ አረጋግጡ።

ክፍያው ላይ ወርሃዊውን ብቻ አትዩ፣ መመዝገቢያ፣ ዩኒፎርም፣ መጽሐፍ፣ ሰርቪስ፣ ጉዞ፣ ሁሉንም ደምራችሁ የአመቱን አውጡ። ያለፉት ሶስት አመታት ጭማሪ ስንት እንደነበር፣ መሃል ላይ ብታስወጡት ምን እንደሚመለስ በጽሁፍ ይስጧችሁ። ልጅን በክፍያ ምክንያት ከጓደኞቹ ነጥሎ ማውጣት በጣም ከባድ ነው፣ ለሁለተኛውም ልጅ አብራችሁ አስቡ።

ደህንነት ላይ አትፈሩ፣ አፍጥጣችሁ ጠይቁ። አዲስ ሰራተኛ ሲቀጠር ምን ይጣራል? ልጁን ከበር ላይ ማን ነው መውሰድ የሚችለው? ትልቅ ሰው ቢነካው ለማን ነው የሚናገረው፣ እናንተስ መቼ ይነገራችኋል? ቡሊ ስለማድረግ፣ ማለትም ልጆች አንዱን ልጅ እየደጋገሙ ስለሚያስቸግሩበት ነገር ስትጠይቁ "እኛ ጋር የለም" ከሚል ዳይሬክተር ይልቅ "አምና እንዲህ አጋጥሞን እንዲህ አደረግን" የሚለውን ነው የማምነው።

ከቻላችሁ ልጁ አንድ ቀን ገብቶ ይዋል። ሲመለስ ወደድከው ወይ አትበሉት፣ ከማን ጋር ተጫወትክ፣ እረፍት ላይ የት ነበርክ፣ ሽንትህ ሲመጣ ለማን ነገርክ በሉት። ልጄ አንዱ ቦታ ውሎ ሲመጣ ምንም አላወራም፣ ሌላኛው ቦታ ግን የሶስት ልጅ ስም ይዞ መጣ፣ ግቢው ጠባብ ነው፣ ላይብረሪውም አንድ መደርደሪያ ነው፣ እዛው አስገባሁት።

ሁለት ትምህርት ቤት እኩል ከሆኑባችሁ ቅርቡን ውሰዱ። ሲያመው ቶሎ ትደርሳላችሁ፣ ጓደኞቹም አብዛኛዎቹ አካባቢያችሁ ስለሚሆኑ ከትምህርት በኋላም ያገኛቸዋል።